ናይት ዱቲ (የሌሊት ተረኛ) ለምትገቡ ሁሉ

ናይት የምትገቡ ነርሶችና ሀኪሞች እባካችሁ ይቺን ሞክሯት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ቡና አትጠጡ። ካፌይን ግማሹ እንኳን ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ስለዚህ ሊነጋጋ ሲል የጠጣችሁት ጠዋት አልጋ ላይ ስትገላበጡ ገና ደማችሁ ውስጥ ነው። ስትወጡ የፀሐይ መነፅር አድርጉ፣ የጠዋት ብርሃን እንቅልፍ ያባርራል፣ ቤት ገብታችሁም መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኑት።

ከባዱ ግን የቤት ሰው ነው። ቀን ቤት ያለ ሰው ስራ የሌለው ይመስላቸዋልና ለቅሶ ድረሺ፣ ልጅ አምጪ፣ ጎረቤት ቡና ጠርቶሻል ሲባል እንቅልፉ ይቀራል፣ ማታ ደሞ እንደገና ዱቲ። ስለዚህ የወሩን የዱቲ ፕሮግራም ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ላኩላቸው፣ የምትተኙበትን ሰዓት በቀይ አክብቡት፣ ለቅሶውም ኦፍ ስትሆኑ ይደረሳል ማንም አይቀየምም። ይሄ ስንፍና አይደለም በእውነት፣ የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ በርንአውትን፣ ማለትም በስራ ጫና መዛልን፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ከስራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባው ውስጥ አካቶታል።

መኪና የምትነዱ ካላችሁ ደሞ እንቅልፍ ከተጫናችሁ ዱቲ ሩም 20 ደቂቃ ጋደም ብላችሁ ውጡ፣ ካልሆነም በታክሲ ሂዱ።