«እሺ» ከማለታችሁ በፊት፦ ለልጃችሁ የአይኢፒ ስብሰባ ስትጠሩ

ልጄ አንደኛ ክፍል እያለ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠራሁት። አይኢፒ (IEP) ማለት አሜሪካ ውስጥ ልዩ ፍላጎት ላላቸው ተማሪዎች የሚዘጋጅ የግል የትምህርት ዕቅድ ነው። ጠረጴዛውን ሰባት ሰዎች ከበውታል። ሁሉም ፊት ወረቀት አለ፤ እኔ ፊት የለም። በፍጥነት ያወራሉ፣ መሃል ላይ ቆም ብለው ያዩኛል። እኔም በይሉኝታ ራሴን እየነቀነቅኩ «እሺ» እላለሁ። እኛ ዘንድ እሺ ማለት ብዙ ጊዜ «እየሰማሁ ነው» ማለት ነው። እነሱ ግን ወላጅ ተስማምታለች ብለው ጻፉ። በዚያ ዕቅድ ልጄ አንድ ዓመት ሙሉ ባከነበት።

አሁን አራተኛ ክፍል ነው። እስካሁን የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ከሁሉም በፊት፣ እዚያ ክፍል የምትገቡት በእንግድነት አይደለም። አይዲያ (IDEA) የሚባለው የልዩ ፍላጎት ትምህርት የፌዴራል ሕግ ወላጅን የቡድኑ አባል ያደርጋል። የሕጉ መሠረት የተጣለው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው። የክፍል አስተማሪው፣ የልዩ ፍላጎት አስተማሪዋና ሳይኮሎጂስቱ የተቀመጡበት ወንበርና የእናንተ ወንበር እኩል ነው።

ከስብሰባው በፊት

አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በጽሑፍ። ትምህርት ቤቱ ያለ ክፍያ ማቅረብ አለበት። ለሥራ የሚበቃ እንግሊዝኛ ቢኖራችሁም ጠይቁ፤ የሳይኮሎጂስት ሪፖርት ቋንቋው ሌላ ነው። ልጃችሁን ግን አስተርጓሚ አታድርጉ። እኔ አንዴ ትልቋን ልጄን ይዤ ገባሁ። የወንድሟን ድክመት እየሰማች ስትተረጉም አንድ ቃል ላይ ደርሳ ዝም አለች። ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ወደ ጠረጴዛው አቀረቀረች። ያቺን ፊት እስካሁን አልረሳኋትም።

የግምገማውን ውጤትና የዕቅዱን ድራፍት ቢያንስ ከሳምንት በፊት እንዲልኩላችሁ በኢሜይል ጻፉ። የልጃችሁን መዝገብ ከስብሰባው በፊት የማየት መብት አላችሁ። ሁለተኛው ዓመት ላይ ድራፍቱን ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። የንባብ ግቡ ላይ ልጄ «እሷ» ተብሏል። ወንድ ልጅ ነው እኮ! ከሌላ ልጅ ዕቅድ የተገለበጠ ነበር። ድራፍቱን ቀድሜ ባልጠይቅ ኖሮ በዚያው ያልፍ ነበር።

ግቡን ስታነቡ አንድ ጥያቄ ያዙ፦ መድረሱን በምን አውቃለሁ? «የንባብ ችሎታው ይሻሻላል» የሚል ግብ ባዶ ነው። «የሁለተኛ ክፍል ጽሑፍ ሲሰጠው በ1 ደቂቃ 70 ቃል፣ ከ3 ባልበለጠ ስህተት፣ ከ5 ሙከራ በ4ቱ ያነባል» የሚል ግብ ግን ሊቆጠር ይችላል። ዛሬ ስንት ቃል እንደሚያነብም መጻፍ አለበት፤ ያለዚያ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ማን ያውቃል?

አገልግሎቱም እንደዚሁ ነው። «ስፒች ቴራፒ (የንግግር ሕክምና) ያገኛል» አይበቃም። በሳምንት ስንት ጊዜ፣ ስንት ደቂቃ፣ ብቻውን ነው ወይስ ከስንት ልጅ ጋር፣ ከክፍል ወጥቶ ነው ወይስ እዚያው ክፍል ውስጥ? የእኔ ልጅ 30 ደቂቃ ተብሎ ከሌሎች አምስት ልጆች ጋር ነበር የሚቀመጠው። ለአፉ የደረሰው ጊዜ ስንት እንደሆነ አስቡት።

እዚያው ክፍል ውስጥ

ብቻችሁን አትግቡ። ልጁን የሚያውቅ ዘመድ ወይም ጓደኛ ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ፤ እናንተ ስታወሩ ማስታወሻ ይይዛል። ስለ ልጃችሁ ደግሞ ሦስት አራት ነገር ጽፋችሁ ሂዱ፦ ምን ይወዳል፣ ምን ያስፈራዋል፣ ቤት ውስጥ ምን ይችላል። እኔ ልጄ ጨዋታ ሲጫወት መመሪያውን ደረጃ በደረጃ ለእህቱ እንደሚያስረዳ ተናገርኩ። ስፒች ቴራፒስቷ ብዕሯን አነሳች። ትምህርት ቤት ውስጥ እንዲህ ሲያወራ ሰምታው አታውቅም ነበር።

ያልገባችሁን «አልገባኝም፣ እንደገና» በሉ። አሥር ጊዜም ቢሆን። የምትጠይቁት ለልጃችሁ ነው፤ ይሉኝታ እዚህ ቦታ የለውም።

የጠየቃችሁትን «አይሆንም» ካሉ ከሁሉም የሚጠቅማችሁ ነገር ይህ ነው፦ እምቢታውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። ቅድመ የጽሑፍ ማስታወቂያ ይባላል። ምን እንደከለከሉ፣ ለምን፣ በየትኛው ግምገማ ወይም መረጃ ተመሥርተው እንደሆነ መግለጽ አለባቸው። እኔ ቴራፒው በሳምንት ሁለት ጊዜ ይሁንልኝ ብዬ «አይቻልም» ተባልኩ። በጽሑፍ ስጡኝ አልኩ። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ስብሰባ ተጠራ፤ ሁለት ጊዜ ሆነ።

በግምገማው ካልተስማማችሁ በትምህርት ቤቱ ወጪ ከውጭ ባለሙያ ሌላ ግምገማ መጠየቅ ትችላላችሁ። ትምህርት ቤቱ ወይ ይከፍላል፣ ወይ የራሱ ግምገማ ትክክል መሆኑን በሕጋዊ ክርክር ማሳየት አለበት።

ፊርማ ላይ ረጋ በሉ። የመጣ ሰው የሚፈርምበት ወረቀትና የስምምነት ወረቀት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የትኛው እንደሆነ ጠይቃችሁ ፈርሙ። የመጀመሪያው ዕቅድ ያለ እናንተ የጽሑፍ ፈቃድ አይጀመርም። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ግን ደንቡ ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ አለመፈረም ብቻውን ላያስቆመው ይችላል። ስለዚህ የማትስማሙበትን ክፍል ለይታችሁ በጽሑፍ አሳውቁ። «ቤት ወስጄ ላንብበው» ማለትም ነውር የለውም። ኮፒው በነፃ ይሰጣችኋል።

ከስብሰባው በኋላ

ዕቅዱ ቢያንስ በዓመት አንዴ ይከለሳል፤ ልጁም ቢያንስ በ3 ዓመት አንዴ እንደገና ይገመገማል። ነገር ግን ዓመት መጠበቅ የለባችሁም። ነገሩ ካልሠራ በማንኛውም ጊዜ ስብሰባ መጠየቅ ትችላላችሁ። መንገዱ ከጠፋባችሁ በየስቴቱ ወላጆችን በነፃ የሚያሠለጥንና የሚያማክር ማዕከል አለ፤ ደውሉላቸው።

እኔ ስብሰባ በዋለበት ዕለት ማታ አጭር ኢሜይል እልካለሁ። «ዛሬ የተስማማነው ይህ ነው፤ ያልተስማማነው ይህ ነው፤ የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ» እላለሁ። መልሳቸውን ከነቀኑ አትሜ ፎልደሩ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ መጀመሪያ የማወጣው ያንን ገጽ ነው።