ፓወር ቫልቭ ስታስተካክሉ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተር ሳይክላችሁ ከስር ደህና እየሳበ ዙሩ ከፍ ሲል የሚታፈን ከሆነ ፓወር ቫልቩ (የሲሊንደሩን የጭስ መውጫ እንደ ሞተሩ ዙር ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ክፍል) ዝግ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፣ ከላይ አሪፍ ሆኖ ከስር ልፍስፍስ ካለ ደሞ ክፍት ላይ ተይዟል ማለት ነው። እዚህ ድረስ ብዙ ሰው ያውቃል፣ ከዛ ግን ዘሎ ኬብሉን መነካካት ይጀምራል።

አዲስ አበባ ላይ ዋናው ስህተት ከፍታውን መርሳት ነው። ከባህር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፣ አየሩ በሩብ ገደማ ይሳሳል፣ ካርቡራተሩ ግን ፋብሪካ የገባለትን ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍባትን ቀዳዳ) ይዞ ቤንዚኑን ያንቆረቁረዋል፣ የተረፈው ካርቦን ሆኖ ቫልቩ ላይ ይጋገራል። ከዛ ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጡ ሞተሩ ሲያፍን "የቫልቩ አላይመንት ነው" ትላላችሁ። መጀመሪያ ካንዴላውን ፈታችሁ እዩት። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ጄቱን በትንሽ ቁጥር ቀይሩ (ግን በዛው ጄት ወደ አዋሽ እንዳትወርዱ፣ እዛ አየሩ ስለሚወፍር ቤንዚን ያንሰውና ፒስቶኑ ግሎ ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል)።

ሁለተኛው፣ ካርቦኑን በካቻቢቴ መፋቅ። ቫልቩም ሲሊንደሩም ጭረት አይወዱም፣ በእንጨት ወይ በፕላስቲክ ፋቁት። ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ የሚዘፈዝፍም አለ፣ አሉሚኒየም ይበላል እኮ! ስትገጥሙ ኦሪንጉን (የጎማ ቀለበቱን) ቀይሩ፣ አሮጌው ዘይት ያስተፋል።

ሌላው በዓይን ግምት ማስተካከል ነው፣ እዚህ ጋ ቀስ በሉ። ሰርቮ (ቫልቩን በኬብል የሚያዞር ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) ያላቸው ያማሃዎች ላይ ቁልፍ ስትከፍቱ ሰርቮው ዙዝዝ ብሎ ቫልቩን ወዲያና ወዲህ አዙሮ ራሱ ይቆማል። ካልዞረ ወይ መሀል ላይ ከቀረ ኬብሉን ከመንካታችሁ በፊት ባትሪውን ለኩ፣ የደከመ ባትሪ ሰርቮውን በደንብ አያዞረውም። ዞሮ ሲቆም ቁልፉን ዝጉና ፑሊው (ኬብሎቹ የሚጠመጠሙበት ክብ) ላይ ያለው ምልክት ከአካሉ ምልክት ጋር መግጠሙን እዩ፣ የፒን ቀዳዳ ያለው ከሆነ 4 ሚሊ ፑንታ እንደ ፒን ሆና ሰተት ብላ መግባት አለባት። ካልገባች በግድ አትምቷት፣ የኬብሎቹን ዳዶ አላልታችሁ ፑሊውን ቦታው አድርሱት፣ ፒኑን ክተቱ፣ ከዛ ሁለቱንም ኬብል ልልነቱ እስኪጠፋ ብቻ ሳቡ። አንዱ ከፋች አንዱ ዘጊ ስለሆነ ከልክ በላይ ካጠበቃችኋቸው ሰርቮው እየታገለ ይቃጠላል፣ ከላሉ ደሞ ቫልቩ ሙሉ አይከፈትም። ፒኑን ሳታወጡ ቁልፍ እንዳትከፍቱ! አውጥታችሁ አንዴ አዙሩትና ፒኑ ተመልሶ መግባቱን ቼክ አርጉ።

ማርሚታውን ፈትቶ ማየትም የሚረሳ ነገር ነው። ሙሉ ክፍት ሲሆን የቫልቩ ጠርዝ ከፖርቱ (ከጭስ መውጫው) ጣሪያ ጋር እኩል መሆን አለበት፣ ወደታች ካንጠለጠለ ከላይ ያፍናል። ሁለት ሲሊንደር ከሆነ ሁለቱንም እዩ፣ የሁለቱ ቫልቮች መገጣጠሚያ ላይ ተዛንፎ የተገጠመ ከውጭ በኬብል አይስተካከልም።

የድሮ ኬቲኤም ያላችሁ ደሞ ይሄን የኬብል ነገር እርሱት፣ የናንተ ቫልቭ የሚከፈተው በሞተሩ ዙርና በስፕሪንግ ነው።