በአሜሪካ ካውንቲ (ወረዳ) የእርሻ ድጎማ ለማግኘት ከየት ይጀመራል?

አሜሪካ ውስጥ በቆሎ፣ ስንዴ ወይም አኩሪ አተር የሚያመርት ገበሬ ለድጎማ የሚያመለክተው በአካባቢው ባለው የግብርና ሚኒስቴር ቅርንጫፍ፣ በኤፍኤስኤ ቢሮ ነው። ቀጠሮ አስይዘው ይሂዱ፤ በመዝሪያና በማጨጃ ሰሞን ሠራተኞቹ ፋታ የላቸውም።

በመጀመሪያ የመሬቱን መዝገብ ይዩ። ብዙ ሰው ክፍያው ዘንድሮ በዘራው ልክ ይመስለዋል። ኤአርሲ እና ፒኤልሲ የተባሉት ሁለቱ ዋና ፕሮግራሞች ግን የሚከፍሉት በ«ቤዝ ኤከር» ነው፤ ይህም በቀደሙት ዓመታት አዘራር ተሰልቶ በመሬቱ ላይ የተመዘገበ ቁጥር ነው። ቤዝ የሌለው ማሳ ዳር እስከ ዳር በቆሎ ቢለብስም ከእነዚህ ፕሮግራሞች ሳንቲም አያመጣም። ስለዚህ ከመግዛትዎ ወይም ከመከራየትዎ በፊት ባለቤቱ ኤፍኤስኤ-156ኢዜድ የተባለውን መዝገብ አስወጥቶ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። ቤዙ 10 ኤከር (አንድ ኤከር 0.4 ሄክታር ገደማ ነው) ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ ለጀማሪ ገበሬዎችና ለጥቂት ሌሎች ካልሆነ በቀር ክፍያ የለም።

ቀጥሎ ወረቀቱ ነው። መታወቂያ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የመሬት ሰነድ ወይም የኪራይ ውል፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥር ይዘው ይቅረቡ። ሲሲሲ-902 የተባለው ቅጽ መሬቱን፣ ገንዘቡንና ጉልበቱን ማን እንደሚያዋጣ ይጠይቃል። ሲሲሲ-941 ደግሞ አማካይ ዓመታዊ ገቢዎ ከ900,000 ዶላር እንደማይበልጥ የሚያረጋግጡበት ነው። ከሁሉም በጥንቃቄ የሚፈረመው ኤዲ-1026 ነው፤ ረግረግ መሬት አድርቀው እንደማያርሱ፣ በቀላሉ የሚሸረሸር ተዳፋትንም ያለ ጥበቃ ዕቅድ እንደማያርሱ ቃል ይገቡበታል። አንዲት የውኃ ማፋሰሻ ቦይ ሳይጠይቁ መቆፈር የሁሉንም ማሳዎችዎን ክፍያ ሊያሳጣዎት ይችላል። ቁፋሮ ካሰቡ አስቀድመው ቅጹን አድሰው ውሳኔ ይጠብቁ።

የኪራዩ ዓይነትም ወሳኝ ነው፦ በጥሬ ገንዘብ ከተከራዩ ክፍያው የእርስዎ ነው፤ ባለቤቱ ከምርቱ ድርሻ የሚወስድ ከሆነ ግን ክፍያውንም ይካፈላል።

ከፕሮግራሞቹ ኤአርሲ በአብዛኛው የካውንቲው የሰብል ገቢ ሲወርድ፣ ፒኤልሲ ደግሞ የአገር አቀፉ አማካይ ዋጋ በሕግ ከተቀመጠው ማጣቀሻ ዋጋ በታች ሲሆን ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ሕግ የበቆሎን መነሻ ማጣቀሻ ዋጋ በቡሼል (ለበቆሎ 25 ኪሎ ገደማ የሚሆን የእህል መስፈሪያ) ከ3.70 ወደ 4.10 ዶላር አሳድጎታል። ለምሳሌ ማጣቀሻው 4.10፣ የገበያው አማካይ 3.80 ቢሆን ልዩነቱ 30 ሳንቲም ነው። በመዝገቡ ያለው ምርት በኤከር 120 ቡሼል፣ ቤዙ 100 ኤከር ከሆነ፣ የሚከፈለው በቤዙ 85 በመቶ ብቻ ስለሆነ 3,060 ዶላር ይመጣል። ከዚህም ላይ በመንግሥት የበጀት ቅነሳ 5.7 በመቶ ስለሚነሳ እጅዎ የሚገባው 2,885 ዶላር ገደማ ነው።

ክፍያው በቤዝ ቢሆንም የዘሩትን በኤፍኤስኤ-578 ቅጽ ማስመዝገብ ግዴታ ነው፤ ለበልግ ሰብል ቀኑ በብዙ ቦታ ጁላይ 15 ነው። የዘገየ ሰው የማሳ መለኪያ ወጪውን ራሱ ይሸፍናል።

ከዚያ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ የ2025 ሰብል ክፍያ የሚወጣው ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ ነው። በዚህ ገንዘብ ተማምኖ የማዳበሪያ ዕዳ መግባት አይመከርም። ገንዘቡም ግብር ይከፈልበታል። ከተከለከሉ የውሳኔው ደብዳቤ ከደረሰዎት በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይግባኝ ይበሉ፤ ደብዳቤው የመጣበትን ፖስታም አይጣሉ።