ዶን ደንስታን በሚኒ ሚዲያ፦ የውጭ አገር መሪ ታሪክ እንዴት ይዘጋጃል?

ጎንደር ውስጥ ለትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ የሚጻፍ የመሪ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ገና ማዕረጉ ላይ ነው። ዶን ደንስታንን «የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር» ካላችሁ ስለ ሌላ ሰው እያወራችሁ ነው። እሳቸው የመሩት ከክልሎቹ አንዱን፣ ደቡብ አውስትራሊያን ነው። ባሕር ዳር ያለውን ርዕሰ መስተዳድር አዲስ አበባ ካለው ጠቅላይ ሚኒስትር እንደምንለየው ሁሉ፣ እዚያም የክልሉ መቀመጫ አደሌድ፣ የአገሪቱ ካንቤራ ነው። ስለዚህ «ርዕሰ መስተዳድር» በሉ። «ገዢ» አይሆንም፤ እዚያ ገዢ የሚባለው የዘውዱ እንደራሴ ነው።

ቀጥሎ የዘመን አቆጣጠሩ። ሁሉንም በ8 መቀነስ ያሳስታል፤ ከዕንቁጣጣሽ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ የሚቀነሰው 7 ነው። ደንስታን ፊጂ፣ ሱቫ ከተማ የተወለዱት ሴፕቴምበር 21 ቀን 1926 ነው፤ በእኛ መስከረም 11 ቀን 1919 እንጂ 1918 አይደለም። በዘመነ ዮሐንስ ዕንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ስለሚውል እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ አንድ ቀን ይዛነፋል። ወሩን ካላወቃችሁ አትቀንሱ፤ እ.ኤ.አ. ብላችሁ ተዉት። ለምሳሌ ክልሉ የሞት ቅጣትን በሳቸው ዘመን ያስቀረው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው።

አጽሙ ይህ ነው፦ አደሌድ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማሩ፤ በ1945 ከኖርዉድ ለምክር ቤት ተመረጡ፤ በ1957 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ ግንቦት 24 ቀን 1959 ርዕሰ መስተዳድር ሆኑ።

ረዘም ብላችሁ መቆየት ያለባችሁ 1960 ላይ ነው፤ የሰውዬው ታሪክ ያለዚያ ዓመት አይገባም። በዚያ ዓመት ምርጫ ከክልሉ ምክር ቤት 39 መቀመጫ 26ቱ ለገጠሩ፣ 13ቱ ብቻ ለአደሌድ ተደልድሎ ነበር፤ አብዛኛው ሕዝብ ግን የሚኖረው አደሌድ ነው። የደንስታን ሌበር ፓርቲ ከግማሽ በላይ ድምፅ አግኝቶ 19 መቀመጫ ያዘ፤ ተቃዋሚውም 19። የቀረው አንድ የግል ተመራጭ ለተቃዋሚው መሪ ለስቲል ሆል አደላና ደንስታን ሚያዝያ 9 ሥልጣን ለቀቁ። መቀመጫውን 47 አድርሰው ድልድሉን ያሻሻሉት በዚያው ድልድል ያሸነፉት ሆል ራሳቸው ናቸው፤ ይህን ሳትጠቅሱ አትለፉ። በ1962 ሌበር 27ቱን ወሰደና ደንስታን ግንቦት 25 ተመለሱ። እነዚህን ቁጥሮች በአንድ ትንፋሽ አታንብቡ፤ ጆሮ ሁለት ቁጥር ከያዘ በኋላ ሦስተኛውን ይጥላል።

እ.ኤ.አ. በ1972 ሮዝ ቁምጣ ለብሰው ፓርላማ መሄዳቸውን ከጠቀሳችሁ ግቢው ይስቃል፤ ቀጥሎ ያለው ዐረፍተ ነገር ስለማይሰማ ቁም ነገር አታስከትሉበት። የካቲት 8 ቀን 1971 በሕመም ምክንያት ለቀቁ፤ ጥር 29 ቀን 1991 አረፉ።

በመጨረሻ ግሦቹን ብቻ እየለቀማችሁ አንብቡ። መጀመሪያ «ተወለዱ» ብሎ መጨረሻ «ሞተ» ማለት የተለመደ ስሕተት ነው፤ አንቱታው እስከ መጨረሻው ይዝለቅ። «ደንስታን» እና «ዳንስታን»ም አይቀላቀሉ።