ማታ ወጥቶ እንቁራሪት ማዳመጥና መመዝገብ፦ ከቦታ መረጣ እስከ ጫማ ማጠብ

በፈረንጆቹ 1987 ኮስታሪካ፣ ሞንቴቨርዴ በሚባለው ደመናማ ጫካ ውስጥ፣ ወርቃማ ጉርጥ የምትባለዋን ደማቅ ብርቱካናማ ጉርጥ ለመራባት ኩሬ ዳር ስትሰበሰብ የቆጠሩ ሰዎች ከ1,500 በላይ አገኙ። በ1988 አስር ገደማ ብቻ። በ1989 አንድ ወንድ ብቻውን ተገኘ፣ ከዛ ወዲህ ማንም አላያትም። ይሄን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር ሚከነክነኝ፣ እኛ ይሄን ልናውቅ የቻልነው እዛ ኩሬ ዳር እየተመላለሰ የሚቆጥር ሰው ስለነበረ ብቻ መሆኑ ነው። ማንም ያልቆጠረበት ኩሬ ስንት እንዳለ አስቡት።

ለመቁጠር ደግሞ ተመራማሪ መሆን አያስፈልግም። የግንባር ባትሪ፣ ስልክ፣ ደብተርና እርሳስ (እስኪሪብቶ በእርጥብ ወረቀት ላይ አይጽፍም) ካላችሁ ትችላላችሁ፣ ቀሪው ትዕግስት ነው።

መጀመሪያ ቦታ። ሰው ሲጀምር እንቁራሪት የሚንጫጫበትን ትልቅ ረግረግ ነው ሚፈልገው፣ ገባኝ፣ ደስ ይላል፣ ግን እናንተ መምረጥ ያለባችሁ ተመላልሳችሁ ልትሄዱበት የምትችሉትን ነው። ትንሽ ኩሬ ብትሆን እንኳን፣ ቦይ ብትሆን እንኳን፣ ሶስት አመት ሙሉ የተደመጠች ትንሽ ኩሬ አንድ ቀን ከታየ ትልቅ ጫካ የበለጠ ትናገራለች። የምትቆሙባትንም ነጥብ አትቀያይሩ፣ አንድ ዛፍ ወይ አንድ ድንጋይ ምልክት አድርጉና ሁሌ እዛው ቁሙ፣ ስልካችሁ ላይ ጂፒኤሱን ያዙ። ሃያ ሜትር ፈቀቅ ካላችሁ ምትሰሙት ነገር ይለያያል፣ ከዛ በሚቀጥለው አመት ቁጥሩ ሲቀንስ እንቁራሪቷ ጠፍታ ይሁን እናንተ ቦታ ቀይራችሁ ይሁን ማወቅ አይቻልም።

ሰዓቱ ፀሐይ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት ያህል በኋላ ነው። ዝናብ ጥሎ ካባራ፣ አየሩ ሞቅ ካለና ንፋስ ከሌለ በጣም ጥሩ ምሽት ነው። ንፋስ ካለ ግን እነሱም ይቀንሳሉ እናንተም አትሰሙም። ማታ ውሃ ዳር ብቻችሁን አትሂዱ፣ ጎርፍ ያለበት ወቅት ከሆነ ደግሞ ከወንዝ ራቅ ብላችሁ ቁሙ።

ስትደርሱ ሁሉም ዝም ይላል። ይሄ ብዙ ጀማሪ ተስፋ ቆርጦ ሚመለስበት ሰዓት ነው፣ እናንተ ግን ባትሪያችሁን አጥፉና ሁለት ሶስት ደቂቃ ሳትንቀሳቀሱ ጠብቁ። ከዛ አንዱ ይደፍርና ይጀምራል፣ ወዲያ ማዶ ሌላው ይመልስለታል፣ ትንሽ ቆይቶ ኩሬው በሙሉ ይነሳል (እኔ ይሄን ሰዓት ስንት ጊዜ ሰምቼው እስካሁን አልለመድኩትም)። አሁን ሰዓት ያዙና አምስት ደቂቃ አዳምጡ። አምስት ካላችሁ ሁሌ አምስት ይሁን።

ስንት እንደሆኑ በድምፅ መቁጠር ስለማይቻል ባለሙያዎቹ ሚጠቀሙበት ቀላል ነጥብ አለ። ድምፆቹ ተራ በተራ እየመጡ መሃላቸው ዝምታ ካለና አንድ ሁለት ብላችሁ መቁጠር ከቻላችሁ 1 ጻፉ። እርስ በርስ እየተደራረቡ ግን ይሄኛው እዚህ ያኛው እዛ ማለት ከተቻለ 2። ማቋረጥ የሌለው አንድ ጩኸት ከሆነ 3። ለእያንዳንዱ የድምፅ አይነት ለየብቻ ነው ሚሰጠው፣ ማለትም አንዱ ዝርያ 3 ሆኖ ሌላው 1 ሊሆን ይችላል፣ እና 3 የሆነው ጯሂው ትንሿን ድምፅ እንዳይውጣት ጆሯችሁን ወደ ዳር ዳሩም ላኩ።

ስሟን ካላወቃችሁስ? አትጨነቁ፣ ግን አትገምቱ። ሚጮኸው በአብዛኛው ወንዱ ነው፣ ሴቷን ለመጥራት ነው፣ ሴቷ ደግሞ የራሷን ዝርያ ድምፅ ለይታ ስለምትመጣ እያንዳንዱ ዝርያ የራሱ ጥሪ አለው። ስለዚህ እንደሰማችሁት ጻፉት፦ «ጠብታ መስሎ ቶሎ ቶሎ ጠብ ጠብ የሚል»፣ «እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ክርርር»፣ «ወፍራም አንድ ጊዜ ብሎ ሚያቆም»። ከዛ በስልካችሁ ቅዱት። ማይኩን ወደ ድምፁ አዙሩ፣ ቢያንስ ሰላሳ ሰከንድ፣ እየተቀዳ አታውሩ፣ ሲያበቃ ብቻ ቀንና ቦታውን በራሳችሁ ድምፅ ጨምሩበት ምክንያቱም ፋይል ስሙ ይጠፋል ድምፃችሁ ግን እዛው ይቀራል። በዋቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጥ የፋይል አይነት) ሚቀዳ አፕ ካለ የተሻለ ነው።

የድምፅ ቅጂ ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ ልንገራችሁ። አሁን በአለም ላይ ከ8,700 በላይ የአምፊቢያን ዝርያ ይታወቃል፣ አብዛኞቹ እንቁራሪትና ጉርጥ ናቸው፣ ጭራ ያላቸው ሳላማንደሮች 800 ገደማ፣ እግር የሌላቸውና አብዛኞቹ መሬት ውስጥ ሚኖሩት ትል መሳዮቹ ሲሲሊያኖች ደግሞ ከ200 ትንሽ በላይ። በየአመቱ ከመቶ በላይ አዲስ ይጨመራል። ከአዲሶቹ ብዙዎቹ ሰው ያልደረሰበት ቦታ የተገኙ አይደሉም፣ አንድ ዝርያ ናቸው ተብለው የቆዩ ናቸው፣ መልካቸው ቁርጥ አንድ ሆኖ ጥሪያቸውና ዲኤንኤያቸው ሲታይ ለየብቻ ሆነው የተገኙ። የእንቁራሪት ዘር ጥንታዊ ነው፣ ማዳጋስካር የተገኘው ትሪያዶባትራኩስ የሚባለው እንቁራሪት መሳይ ቅሪተ አካል 250 ሚሊዮን አመት ገደማ እድሜ አለው፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ሲለያዩ ሲለያዩ የመጡ ፍጥረታት ልዩነታቸው ሁሌ በአይን አይታይም፣ እና የናንተ የስልክ ቅጂ አንድ ቀን ያንን ልዩነት የሚለይ ሰው እጅ ሊገባ ይችላል።

ጆሮ ብቻ ግን አይበቃም። ሳላማንደርና ሲሲሊያን አይጣሩም፣ ከእንቁራሪቶችም ዝም የሚሉ አሉ። ካዳመጣችሁ በኋላ ባትሪ አብርታችሁ የውሃውን ዳር በቀስታ እዩ። የጉርጥ እንቁላል አብዛኛውን ጊዜ እንደ ዶቃ ክር የተዘረጋ ነው፣ የብዙ እንቁራሪቶች ደግሞ ክምር ብሎ ሙልጭልጭ ያለ ነው፣ አረፋ ሰርተው እዛ ውስጥ የሚጥሉም አሉ፣ ከውሃ በላይ ቅጠል ላይ የሚጥሉም አሉ። ፎቶ አንሱና ተዉት።

አሁን ወደ ጫማው እንምጣ፣ እባካችሁ ይሄን ዘላችሁ እንዳታልፉ። ባትራኮኪትሪየም ዴንድሮባቲዲስ የሚባል ፈንገስ አለ፣ ባጭሩ ቢዲ ይሉታል፣ ስም ያገኘው በ1999 ነው። እንቁራሪት በቆዳዋ ነው ውሃ ምትጠጣው፣ በቆዳዋ ትተነፍሳለች፣ የሰውነቷን ጨውም በቆዳዋ ታመጣጥናለች፣ ፈንገሱ እዛ ቆዳ ላይ ሲሰፍር ሶዲየምና ፖታሲየሟ ይወርዳል፣ በመጨረሻ ልቧ ይቆማል። በ2019 የወጣ ትልቅ ጥናት ቢያንስ 501 ዝርያ በዚህ በሽታ እንደተመናመነ፣ ከነዚህ ውስጥ 90ዎቹ ጭራሽ ጠፍተዋል ተብሎ እንደሚታመን አሳይቷል። በ2018 ደግሞ ዘሩን የተከታተሉ ተመራማሪዎች መነሻው ምስራቅ እስያ መሆኑን አገኙ፣ አለምን ያዳረሰው ሰው እንስሳቱን በንግድ ሲያዘዋውር ነው። ከዛም ሌላ ወንድሙ ቢሳል በ2013 ተለየ፣ እሱ ሳላማንደር ነው ሚጨርሰው።

የፈንገሱ ዘር ውሃ ውስጥ እየዋኘ ነው ሚሄደው፣ ስለዚህ ጫማችሁ ላይ ያለ እርጥብ ጭቃ ከአንዱ ኩሬ ወደ ሌላው ሊወስደው ይችላል። ወደሌላ ውሃ ከመሄዳችሁ በፊት ጭቃውን በብሩሽ ጥርግ አድርጉ፣ ጭቃ ካለ መድሃኒቱ አይሰራም። ከዛ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ጫማውንና ውሃ የነካውን እቃ አስር ደቂቃ ያህል ንከሩ፣ በንፁህ ውሃ አለቅልቁ፣ እስኪደርቅ አስጡት። በረኪናውን ከሌላ ኬሚካል ጋር እንዳትቀላቅሉት፣ ድፍድፉንም ኩሬ ወይ ጅረት አጠገብ እንዳትደፉት፣ ለእንቁላሉና ከእንቁላሉ ለሚፈለፈለው እጭ (ገና ጭራ ላለው ትንሹ እንቁራሪት) መርዝ ነው። በረኪና ከሌለ ፈንገሱ ድርቀት ስለማይችል ሙሉ በሙሉ ማድረቅ ብዙ ይረዳል፣ ሙሉ በሙሉ ስል ስፌቱ ውስጥ ያለው እርጥበት ሳይቀር ማለቴ ነው። በጣም ቀላሉ መንገድ ግን በአንድ ምሽት አንድ ቦታ ብቻ መሄድ ነው።

እንስሳቷን አትንኩ። የግድ ከሆነ፣ ለምሳሌ መንገድ ላይ ልትጨፈለቅ ስትል፣ እጃችሁን በውሃ አርጥቡ ወይም አዲስ ጓንት አድርጉ፣ እጃችሁ ላይ ያለ የትንኝ መከላከያም ሆነ የፀሐይ ቅባት ቆዳዋ ውስጥ ይገባል። እጭ ወይም እንቁላል ከአንድ ኩሬ ወስዶ ሌላው ውስጥ መጨመር ደግሞ በፍጹም፣ «እዚህ ይድናሉ» ብላችሁ በቅንነት ቢሆን እንኳን።

የሞተች ወይ የደነዘዘች ካገኛችሁ፣ በተለይ ከአንድ በላይ ከሆነ፣ ሳትነኩ ፎቶ አንሱ፣ ቁጥሩን ጻፉ፣ በዛው ቀን አካባቢያችሁ ላለ ዩኒቨርሲቲ ወይ የዱር እንስሳት መስሪያ ቤት አሳውቁ። ሬሳው ቶሎ ነው ሚበላሸው፣ በኋላ መንስኤውን ለማወቅ ያስቸግራል።

ደብተራችሁ ላይ ከድምፁ ጎን ኩሬው ራሱ ምን እንደሆነ ጻፉ፦ ውሃው ሸሽቷል ወይ፣ ዳሩ ታርሷል ወይ፣ ኬሚካል ተረጭቷል ወይ፣ አሳ ተጨምሯል ወይ። በ2023 ከ8,000 በላይ ዝርያ የገመገመው ጥናት 41 በመቶ ገደማ የመጥፋት አደጋ ላይ እንደሆነ ነው ያገኘው፣ ከ2004 ወዲህ ለደረሰው መባባስ ትልቁ ምክንያት የአየር ንብረት ለውጥ ነው፣ መኖሪያ መጥፋቱም ብዙ አይርቅም። አሳውን ቀላል እንዳታደርጉት፣ ካሊፎርኒያ ሴራ ኔቫዳ ተራሮች ላይ ሰው የጨመረው ትራውት የሚባል አሳ ከሃይቆቹ ሲወጣ እግረ ቢጫዎቹ እንቁራሪቶች ተመልሰው በዝተዋል። በ2024 ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ ፀሐይ የሚያሞቃቸው ባለቀዳዳ የግንብ ጡቦች ለእንቁራሪት መጠለያ ተደርገው፣ እዛ ገብተው የሞቁት ፈንገሱን አሸንፈውታል፣ ምክንያቱም ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ፈንገሱ አይችልም።

አሁን ስለ ዜሮ። ሄዳችሁ አምስት ደቂቃ አዳምጣችሁ ምንም ካልሰማችሁ «ዜሮ» ብላችሁ ጻፉ፣ ቀኑን ሰዓቱን ሙቀቱን ዝናቡን ሁሉ አሟልታችሁ። ብዙ ሰው «ዛሬ ምንም የለም» ብሎ ደብተሩን ሳይከፍት ይመለሳል፣ ከአመታት በኋላ ያ ባዶ መስመር ማንም አልሄደም ማለት ይሁን እንቁራሪት አልነበረም ማለት ይሁን አይለይም። አንድ ዜሮ ብቻውን ምንም ላይሆን ይችላል፣ ቀዝቅዞ ሊሆን ይችላል፣ ግን በጥሩ ምሽት በተከታታይ የመጣ ዜሮ ካያችሁ ወቅቱ እስኪያልፍ አትጠብቁ፣ ለሚመለከተው ተናገሩ።

መረጃውን አይናቹራሊስት (ሰው ያየውን እንስሳና ተክል ሚያጋራበት ድረ ገጽና አፕ) ላይ መጫን ትችላላችሁ፣ ድምፅም ይቀበላል፣ ያላወቃችሁትን ሌላ ሰው ይለይላችኋል። ዝርያው ብርቅ ከሆነ ትክክለኛ ቦታውን ሸፍኑት፣ እንስሳ ለቅሞ ሚሸጥ ሰውም ካርታውን ያያል። ዜሮዎቹ ግን እዛ አይገቡም፣ ስለዚህ ሙሉውን ደብተር በየወሩ ፎቶ አንስታችሁ ሁለት ቦታ አስቀምጡት፣ ለሚያጠና ሰው ስትልኩም አሳምራችሁ ልትገለብጡት ብላችሁ ዜሮ ያለባቸውን መስመሮች እንዳትቆርጡ።