መሪ አለ ብሎ መዘናጋት፦ የባህር ካያክ የአዳር ጉዞ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰው በማይኖርበት የደሴት ዳርቻ ቀን ካያክ (በመቅዘፊያ የሚሄድ ረጅምና ጠባብ ጀልባ) እየቀዘፉ፣ ማታ ድንኳን ተክሎ ማደር ጥሩ መሪ ካለ ለጀማሪም ይቻላል። ችግሩ ግን እዚያው "መሪ አለ" የሚለው ላይ ነው። ብዙ ሰው ከፍሎ ሲጨርስ ማሰቡንም ያቆማል። መሪው ትንበያውን ያያል፣ መንገዱን ይመርጣል፣ ስትገለበጡም ይደርስላችኋል። በእናንተ ፈንታ ግን አይበርደውም፣ አይጠማውም፣ ያልነገራችሁትንም ነገር አያውቅም።

መጀመሪያ፣ ፎቶ አይቶ መመዝገብ። ፎቶው ላይ ባህሩ ጸጥ ብሏል፣ ዶልፊን ብቅ ብሏል፣ ፀሐይ እየጠለቀች ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ሌላ ሌላውን ጠይቁ። በቀን ስንት ሰዓት ይቀዘፋል? አንድ መሪ ስንት ሰው ይይዛል? በዚያ ወር ውሃው ስንት ዲግሪ ነው? ነፋስ ከበረታ ሌላ መንገድ አለ? ዕቃ የጫነ ካያክ በቡድን ሲሄድ በሰዓት ከ5 ኪሎ ሜትር ብዙም አይዘልም። ስለዚህ "20 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው" የተባለው ቀን፣ ምሳውና እረፍቱ ሳይቆጠር 4 ሰዓት ሙሉ ቀዘፋ ነው። ጥያቄ ሲበዛበት የሚሰላች ድርጅት ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ፤ እኔ ብሆን እዚያው ነው የምተወው።

ሁለተኛውና ትልቁ ስህተት ለአየሩ ለብሶ ውሃውን መርሳት ነው። ፀሐይ ወጥታ 25 ዲግሪ ስትሆን ሰው በቲሸርትና በቁምጣ ይመጣል። ባህሩ ግን በዚያው ሰዓት 10 ወይም 12 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ድንገት ስትገቡ ሳትፈልጉ በኃይል አየር ትስባላችሁ፤ በዚያች ቅጽበት አፋችሁ ከውሃ በታች ከሆነ ደግሞ የምትስቡት ውሃ ነው። የካናዳው ማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጎርደን ጊስብሬክት በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የሚሆነውን 1-10-1 በሚል ቀላል ቀመር ያስተምራል፦ ትንፋሽን ለማረጋጋት 1 ደቂቃ፣ እጅና እግር እሺ የሚሉበት 10 ደቂቃ ያህል፣ ሰውነት ቀዝቅዞ ራስን እስከ መሳት ደግሞ 1 ሰዓት ያህል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ያን 1 ሰዓት የሚያገኘው የሚያንሳፍፍ ነገር የለበሰ ሰው ብቻ ነው። እና ሞቀኝ ብሎ ላይፍ ጃኬቱን አውልቆ ከኋላ የሚያስር ሰው ምን እያሰበ እንደሆነ አይገባኝም። ውሃ ውስጥ ሆኖ በደነዘዘ ጣት ማሰሪያ መቆለፍ በጣም ከባድ ነው። መሪው ዌትሱት (ውሃ ውስጥ ሙቀት የሚይዝ ጥብቅ የላስቲክ ልብስ) ልበሱ ካለ ልበሱ፤ ከሞቃችሁ ኮፍያችሁን ውሃ ነክራችሁ አድርጉ። ጥጥ ቤት ይቅር፤ ጂንስም፣ ጥጥ ካልሲም። ጥጥ አንዴ ከራሰ ቶሎ አይደርቅም፣ ሙቀትም አይዝም። ሱፍ ወይም ፖሊስተር ያዙ፤ አንድ ሙሉ ቅያሪ ደግሞ ለማታ ብቻ ተብሎ በደረቁ ይቀመጥ።

ዕቃ አጫጫን ላይ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ስህተት ይሠራል፤ ትልቅ ከረጢት ይዞ ይመጣል። የካያክ የዕቃ ቦታ ረጅምና ቀጭን ነው፣ ክዳኑም ጠባብ ነው። ውሃ የማያስገቡ 10 ሊትር ገደማ የሚይዙ ትንንሽ ከረጢቶች ከአንድ ትልቅ ይሻላሉ፤ አንዱ ቢያስገባ እንኳ ሌላው ይተርፋል። ከባድ ዕቃ፣ በተለይ ውሃ፣ ወደ መሃልና ወደ ታች ይሁን። ቀላሉ ወደ ጫፍና ጫፍ ይሂድ።

ተገልብጦ መውጣትን ለመለማመድ ማፈርም አለ። ወገብ ላይ ታስሮ የመቀመጫውን ቀዳዳ የሚዘጋው ስፕሬይ ስከርት የሚባለው ሽፋን፣ ፊት ለፊቱ ላይ የሚጎተት ማውጫ አለው። ይህ ማውጫ ወደ ውስጥ ታጥፎ ከቀረ ተገልብጣችሁ አታገኙትም። በተነሳችሁ ቁጥር ውጭ መሆኑን በእጃችሁ አረጋግጡ። ልምምዱን መሪው ካላነሳው እናንተ አንሱት፤ ጸጥ ባለ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ አንዴ ተገልብጦ መውጣት ከረጅም ማብራሪያ ይበልጣል።

ቀጥሎ ይሉኝታ ነው። ቡድኑን ላለማዘግየት ብሎ የሚንቀጠቀጥ ሰው "ደህና ነኝ" ይላል። የእጅ አንጓው የሚያቃጥለው፣ የሚያቅለሸልሸው፣ ሽንቱ የመጣበት ሁሉ ዝም ይላል። የባሰው ደግሞ ለሽንት ላለማስቸገር ብሎ ውሃ አለመጠጣት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ራስ ምታትና ድካም ሆኖ ይመለሳል። መሪ ሀሳብ አንባቢ አይደለም። ችግሩን ገና ትንሽ ሳለ ከሰማ 10 ደቂቃ ቆሞ ያስተካክለዋል፤ ዘግይቶ ከሰማ ግን ነፋስ መሃል ላይ ካያካችሁን በገመድ ሊጎትት ነው። ጓደኛችሁንም እዩት። ቃል መጎተት፣ ዕቃ ከእጅ መውደቅ፣ ያለወትሮ መነጫነጭ የብርድ ምልክት ሊሆን ይችላል። የሚንቀጠቀጥ ሰው ሳይሞቅ መንቀጥቀጡን ካቆመ እየተሻለው ሳይሆን እየባሰበት ነው። አስም፣ አለርጂ፣ የልብ ችግር ወይም የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ንገሩት፣ የት እንዳስቀመጣችሁትም ጭምር።

የሁለት ሰው ካያክ ላይ ሁለቱም ለመምራት መሞከር ሌላው ነው። ፊት ያለው ምቱን ያወጣል፣ ኋላ ያለው ይከተላል፣ አቅጣጫውንም ይይዛል። በዚህ ያልተስማሙ ባልና ሚስት ምሳ ላይ ተራርቀው ነው የሚቀመጡት።

ዳርቻ ላይ ማዕበል እያለ መውረድ ከመሃል ባህር የበለጠ ሰው ይጎዳል። መሪው ምልክት ሳይሰጥ ወደ ዳርቻው አትግቡ። ከወረዳችሁ በኋላም በካያኩና በአሸዋው መሃል አትቁሙ። ውሃ የሞላ ካያክ በጣም ይከብዳል፤ ማዕበሉ ገፍቶ ሲያመጣው የሚያገኘው ጉልበታችሁን ነው። ሁልጊዜ በባህሩ በኩል ወይም ከጫፉ ሁኑ።

አሁን ወደ አዳሩ። ለዕይታ ብሎ ውሃው አጠገብ ድንኳን መትከል የተለመደ ነው። በአብዛኛው ዳርቻ ባህሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል፤ ከጉድለት እስከ ሙላት 6 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገደማ ነው። ማታ ደረቅ ሆኖ የሚያምረው አሸዋ ሌሊቱን ውሃ ሊሆን ይችላል። የሚሞላውም በእኩል ፍጥነት አይደለም፤ መካከለኛዎቹ ሁለት ሰዓታት ብቻቸውን ግማሽ ያህሉን ያስገባሉ። በአዲስ ጨረቃና በሙሉ ጨረቃ ሰሞን ደግሞ ሙላቱ ይበልጣል። ካናዳ ውስጥ ፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ላይ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት እስከ 16 ሜትር ይደርሳል። ባህር ተክል ተደርድሮ የተተወበት መስመር የቅርቡን ሙላት ያሳያል እንጂ የዛሬ ሌሊቱን ዋስትና አይሰጥም። "ከዚህ በላይ ትከሉ" ሲባል አትከራከሩ። ካያኮቹም ከፍ ብለው ይታሰሩ፤ ያለ ካያክ ደሴት ላይ መንጋት የማይረሳ ነገር ነው፣ በመጥፎ።

ምግብ ድንኳን ውስጥ አታስገቡ። ብስኩትም፣ የጥርስ ሳሙናም። ድብ በሌለበት አገር እንኳ አይጥና ቀበሮ ድንኳን ይቀድዳሉ። ለመጸዳጃ የየአካባቢው ደንብ ይለያያል፤ አንዳንድ ቦታ ይቆፈራል፣ አንዳንድ ቦታ ሁሉም ነገር ተጭኖ ይመለሳል። ስለዚህ ጨነቀኝ ሳትሉ በፊት ጠይቁ።

እንስሳ ሲታይ መቅዘፊያ ይዞ ወደ እሱ መሮጥ ሌላው ጥፋት ነው። ዓለት ላይ የተኙ የባህር ውሾች ሲደነግጡ በአንዴ ወደ ውሃ ይረባረባሉ፤ በዚህ መሃል ግልገሎች ይረገጣሉ፣ ከእናታቸው ይለያያሉ። አንገታቸውን ቀና አድርገው ካዩአችሁ ቀርባችኋልና ራቁ። ለዓሣ ነባሪ ሕግም አለ፤ የካናዳ ደንብ በአጠቃላይ 100 ሜትር፣ በፓስፊክ ዳርቻዋ ደግሞ ኦርካ ከሚባለው ጥቁርና ነጭ ዓሣ ነባሪ ቢያንስ 200 ሜትር ራቁ ይላል።

ጉዞው ባለቀ ማግስት የአውሮፕላን ትኬት መቁረጥም አለ። ነፋስ ቡድኑን አንድ ቀን ሙሉ ዳርቻ ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል። ያኔ "በረራ ያመልጠኛል" የሚል ሰው መሪውን መጎትጎት ይጀምራል፤ ሌላውም ይከተለዋል፣ መሪውም ሰው ነው። ቢያንስ አንድ ባዶ ቀን መሃል ላይ ተዉ፤ ከተረፈ ልብስ ታሰጡበታላችሁ።