የአሜሪካ ባላገር ሴትን የዘር ሐረግ ስንፈልግ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሰባት ቤት ቆጥረን ለምንጋባ ሰዎች ዘር መቁጠር ቀላል ይመስለናል። እኛ ዘንድ ሴት ብታገባም ብትፈታም የአባቷ ስም አይለያትም። ከአሜሪካውያን ጋር ተጋብቶ የልጆቹን ቅድመ አያት የሚፈልግ ሐበሻ መጀመሪያ የሚደናቀፈውም በዚሁ ልማዱ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረች የኬንታኪ ወይም የኦሃዮ ገበሬ ስታገባ ስሟ ይለወጣል፤ ባሏ ሞቶ ሌላ ብታገባ ደግሞ እንደገና። መቃብሯ ላይ በተጻፈው ስም ወላጆቿን መፈለግ የባሏን ዘር መቁጠር ነው። ፍለጋው ከካውንቲው (ከወረዳው) የጋብቻ መዝገብ ቢጀመር ይሻላል። መዝገቡ ከሌለ የልጆቿን የሞት ምስክር ወረቀት ማየት ነው፤ የእናት የልጅነት ስም ብዙ ጊዜ እዚያ ይጠየቃል።

ሁለተኛው፣ በቁልምጫ ስም መታለል። ፖሊ ማለት ሜሪ ናት፤ ፔጊ ማርጋሬት፣ ፓትሲ ማርታ፣ ሳሊ ሣራ። በ1870 የሕዝብ ቆጠራ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) «ሳሊ» የተባለችው በ1880 «ሣራ» ሆና ስትመጣ፣ ባልየው ሌላ ሚስት አገባ ብሎ የሚደመድም አይጠፋም።

ቆጠራውን ከሚናገረው በላይ ማናገርም ሌላ ስህተት ነው። ከ1850 በፊት የሚጻፈው የአባወራው ስም ብቻ ነበር፤ ሚስት በዕድሜ ዓምድ ውስጥ ያለች ቁጥር ናት። በባርነት የነበረች ጥቁር ሴት ደግሞ በ1850ም በ1860ም በአሳዳሪዋ ስም ሥር በዕድሜ፣ በጾታና በቆዳ ቀለም ብቻ ነው በአብዛኛው የተመዘገበችው፤ በአብዛኛው ስሟ የሚገኘው በ1870 ነው። ዝምድና መጻፍ የተጀመረው በ1880 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት በአንድ ቤት የተቆጠረ ልጅ ሁሉ ልጇ አይደለም፤ የእንጀራ ልጅ ወይም የእህት ልጅ ሊሆን ይችላል። የ1890ው ቆጠራ በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ በተነሣው እሳት ሳቢያ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። በ1881 የተወለደች ልጅ በ1900 አግብታ ከተገኘች ከወላጆቿ ጋር የምትታይበት የፌዴራል ቆጠራ የለም ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለው ክፍተት በግምት እንድንሞላው ይፈትነናል።

ሌሎች በኢንተርኔት ያስቀመጡትን የዘር ሐረግ መገልበጥ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። እናት በስድስት ዓመቷ ልጅ የወለደችባቸው ሐረጎች አሉ።

እኔን ይበልጥ የሚያናድደኝ ግን የልደትና የሞት ቀን አግኝቶ መቆም ነው። ቆጣሪው ከስሟ ጎን «ቤት ትይዛለች» ብሎ አለፋት፤ እኛም እንደ እሱ እናልፋታለን። የ1900ው ቆጠራ እንኳ ስንት ወልዳ ስንቱ እንደቀሩላት ይናገራል። ባሏ በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘምቶ ከሆነ፣ ጡረታ ስትጠይቅ ጋብቻዋን ያስረዳችበት ፋይል በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሊኖር ይችላል። በ1862ቱ የመሬት ሕግ 21 ዓመት የሞላት ያላገባች ሴት ወይም መበለት 160 ኤከር የመንግሥት መሬት መጠየቅ ትችል ነበር። ባለቤትነቷን ለማረጋገጥ ጎረቤቶቿ ቀርበው መስክረዋል፦ ስንት ኤከር እንዳረሰች፣ ጎጆዋ ስንት በስንት እንደሆነ፣ አንዳንዴም ስንት መስኮት እንዳለው።